ለልዋጭ ከመስጠታችን በፊት
(በማኅበራችን የመንፈቅ ዓመት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ፊታችሁ ስቆም የማነበው ሁልጊዜ ቁጥር ነው። ቁጠባ ይህን ያህል፣ ብድር ይህን ያህል፣ የዘገየ ክፍያ ይህን ያህል። ዛሬ ሪፖርቱ ቶሎ ስላለቀ ሰብሳቢያችን «እስኪ ቡናው እስኪደርስ ሌላ ነገር አውሪን» አሉኝ። እንግዲህ ስለ ሳህንና ስለ ሲኒ ላውራችሁ። ለምን እንደሳቃችሁ ገብቶኛል፤ ሒሳብ ሠራተኛ ስለ ሳህን ምን አገባት ብላችሁ ነው። ያገባኛል፣ ትንሽ ታገሡኝ።

አቦሉ ሲቀዳ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው ዕቃ ስሙ ማን ነው? ሲኒ። አንዳንዶቻችን ፍንጃል እንለዋለን። ሁለቱም ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል፤ «ሲኒ» ማለት እንግዲህ «የቻይና» ማለት ነው። በየጧቱ «ሲኒውን አቀብይኝ» ስንል «የቻይናውን አቀብይኝ» እያልን ኖሯል። ገበያ ውስጥ አንዷ ሲኒ አንሥታ «ይኼ የቻይና ነው፣ ምን ይረባል» ስትል በሰማሁ ቁጥር በሆዴ እስቃለሁ። ስሙ ራሱ ያንኑ ነው የሚለው።

ይህ ስም እዚህ ድረስ ብቻውን አልመጣም። ሊማሊሞ አናት ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ወደ ዛሪማ የተመለከታችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ዛሬ መኪና የሚሄድበትን ጠመዝማዛ የቀደዱት ጣልያኖች በወረራው ጊዜ ናቸው፤ መተላለፊያው ግን ከእነሱ በፊት እጅግ የቆየ ነው። ጎንደር የነገሥታት ከተማ በነበረችበት ዘመን ከምጽዋ የተነሣ የሲራራ ነጋዴ በአድዋና በሽሬ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የእኛን ቆላ አቋርጦ፣ ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥቶ ነው በወገራ በኩል ጎንደር የሚገባው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው በዚሁ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጣ ሐር፣ መስተዋት፣ ብርጭቆና ቅመም በበቅሎና በአህያ ተጭኖ በዚህ ያልፍ ነበር። የምሥራቅ ሸክላም ወደ ጎንደር ቢመጣ ዋናው በሩ ይኸው የእኛ ደጅ ነው። ነገሥታቱም ሩቅ ይልኩ ነበር። ኮጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ እስከ ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ድረስ ሄዷል። ባታቪያ ደግሞ በዚያ ጊዜ የሆላንድ ነጋዴዎች የቻይናን ሸክላ በመርከብ የሚያገበያዩባት ከተማ ነበረች።

ይህን ስል ግን ማናችንም እንዳንኩራራ። ያ የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። በክርስቲያኑ ገበሬ ቤት ቡናው ራሱ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው ይባል ነበር። «የእኔ ሲኒ ከአፄ ፋሲል ጊዜ ጀምሮ በቤታችን አለ» ብላ የምትምል ካለች እንግዲህ ቀስ ትበል። ቅድመ አያቶቻችን በጣባና በወጭት፣ በቅልና በዋንጫ ነው የኖሩት። ሲኒና ሳህን ወደ እኛ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው፤ የገባውም ብዙ ጊዜ በሴት እጅ ነው።

አሁን ስለ ሥዕሉ። እውነተኛው ሲኒ ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈርና ከተፈጨ ድንጋይ ይሠራል። የሚተኮሰው 1300 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ እሳት ነው፤ የእኛ የሸክላ እሳት ወደዚያ አይጠጋም። ቻይኖች ሰማያዊውን ሥዕል ኮባልት በሚባል ማዕድን ይሥሉታል። አውሮፓውያን ይህን ዕቃ በወርቅ እየገዙ ስለ ደከሙ ራሳቸው ሊሠሩት ብዙ ሞክረዋል። ሆላንዶች ዴልፍት በምትባል ከተማቸው ተራውን ሸክላ ነጭ አልብሰው በሰማያዊ ሣሉበት፤ ሲታይ ይመስላል፣ ሲሸረፍ ግን ውስጡ አፈር ነው። በጀርመን አገር ማይሰን ላይ ምስጢሩ ተገኝቶ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1710 ነው። ከዚያ በኋላ ፈረንጅ በገዛ ፋብሪካው የቻይና ቤት፣ የቻይና ድልድይ፣ የቻይና ወፍ እየሣለ ሳህን ያመርት ጀመር። እንዲህ ያለውን ቻይና መሰል ሥራ «ሺኗዝሪ» ይሉታል። ከሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ቻይናን በዓይናቸው አላዩም፤ ከሌላ ሳህን ላይ ገለበጡ፣ የጎደለውን ከልባቸው ሞሉ።

ከዚህ ሁሉ የታወቀው የአኻያ ሥዕል የሚባለው ነው። በእንግሊዝ አገር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተጀመረ። ነጭ ሳህን ላይ በሰማያዊ የተዘናፈለ አኻያ፣ ከሥሩ ድልድይ፣ በድልድዩ ላይ ሦስት ሰዎች፣ ወዲያ ጀልባ፣ ከላይ ሁለት ወፎች። እንግሊዞቹ ተረትም ሠሩለት። የባለጸጋ ልጅ የአባቷን ጸሐፊ ወደደች፤ ይኸውም እንደኔ መዝገብ የሚይዝ ሰው መሆኑ ነው። አብረው ጠፉ፣ አባት አሳደዳቸው፣ ተገደሉና ሁለት ርግብ ሆኑ። ተረቱ የቻይና አይደለም፤ ሳህኑ እንዲሸጥ እዚያው እንግሊዝ የተፈጠረ ነው።

እኔ ይህን ተረት ያነበብኩት ዲፕሎማዬን ከያዝኩ በኋላ ነው። ሳህኑን ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አያቴ ነበራት።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ባሏ ሰሊጥ አረም ወርዶ ሲመለስ ከሁመራ ያመጣላት ነው። እዚያ የሱዳን ዕቃ እንደ ልብ ይገኛል፤ የእንግሊዝም ዕቃ በሱዳን በኩል ይመጣል። ጠርዙ በአንድ በኩል ተሸርፏል። ከጀርባው ላይ ሰማያዊ የላቲን ፊደል አለበት። ስናድግ እኛ አነበብንላት፣ «ኢንግላንድ» ይላል። እሷ ግን ሥዕሉን በራሷ መንገድ ነበር የምታነበው። ድልድዩ የዛሪማ ወንዝ ድልድይ ነው። ሦስቱ ሰዎች ከሰሊጥ የሚመለሱ ናቸው። አንዱ አያታችሁ ነው፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ናቸው። ወፎቹስ ስንላት «ወፍማ የትም አገር አለ» ትለን ነበር። በፋሲካ አይብ የሚቀርበው በዚያ ሳህን ነው፤ በሌላ ቀን ከሳጥን አይወጣም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዛሪማ ሲደርስ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሁላችንም ሊማሊሞን በእግር ወጥተናል። እዚህ የተቀመጠች እያንዳንዷ ሴት ያን ጊዜ ምን ተሸክማ እንደወጣች ታስታውሳለች። እናቴ የታናሽ እህቴን ልጅ አዝላ፣ በነጠላዋ ጫፍ አራት ሲኒ ቋጥራ ወጣች። በኋላ «ምን ሆነሽ ነው ሲኒ የተሸከምሽው?» ስላት «እኔ እንጃ፣ እጄ ያገኘውን» አለችኝ። እጇ ያገኘው ግን ስድስት ሲኒ ያለበት ረከቦት ነበር፤ ከስድስቱ አራቱን መርጣለች። የእምዬን ሳህን ደግሞ በጆንያ ጠቅልላ ከማድቤቱ ጀርባ ከአመድ ሥር ቀበረችው።

ስንመለስ ሳጥኑ የለም፣ በሩም የለም። አመዱን ቆፈርን፤ ሳህኑ አለ። በእኛ ቤት የዚያን ቀን ደስታ ያ ብቻ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉዳት የሚመዘግቡ ሰዎች መጡ። የጎረቤቶቼን ቅጽ በመሙላት ረድቻቸዋለሁ። ቅጹ ለቤት ክዳን ቦታ አለው፣ ለበሬ አለው፣ ለላም አለው፣ ለእህል በኩንታል አለው። አንዲት እናት ከጎኔ ተቀምጠው «ሁለት ደርዘን ሲኒ፣ አሥር ዝርግ ሳህን፣ አምስት ጎድጓዳ፣ ሁለት ባለ አበባ ትሪ፣ የልጄ ሠርግ ዕቃ» እያሉ ይቆጥሩልኛል። መዝጋቢው «‹የቤት ዕቃ› በሚለው ይጠቃለል» አለ። እኔም ጻፍኩ፣ «የቤት ዕቃ»። ሁለት ቃል ብቻ። እኚህ እናት በሬያቸው ከእነቀለሙ ተመዘገበ፤ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀሙት ንብረት ግን ቁጥር እንኳ አልተሰጠው። መዝጋቢውን አልወቅሰውም፣ ቅጹን የሠራው እሱ አይደለም። ቃሉን በእጄ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ሥራዬ መቁጠር ሆኖ ሳለ።

ወደ ሳህኑ ልመለስ። ጦርነቱን ያለፈው ሳህን ልዋጭን አላለፈም።

ልዋጩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፕላስቲኩን ተሸክሞ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ ይዞራል። አሮጌ ልብስ፣ ያረጀ ብረት ድስት፣ አሮጌ ዕቃ ይወስዳል፤ አዲስ ባልዲ፣ አዲስ ሳፋ ይሰጣል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ኑሮው ነው። እኔ ቢሮ በዋልኩበት ቀን እናቴ የእምዬን ሳህን ሰጥታ አንድ ጀሪካንና ሁለት የፕላስቲክ ሳህን ተቀበለች። ማታ ስሰማ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁም። እናቴ ዝም ብላ አዳመጠችኝና «በሳህን ውኃ ይቀዳል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው፤ ቤት ውስጥ ውኃ መቅጃ አልነበረም። ያንን ሳህን ከፍ አድርጌ የማየው እኔ ሆኜ ሳለ ጀሪካን ገዝቼ ያልሰጠኋትም እኔው ነኝ። ስለ ሳህኑ የማውቀውን፣ የአኻያውን ነገር፣ ፊደሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አልነገርኳትም። እሷ የምታውቀው የተሸረፈ አሮጌ ሳህን መሆኑን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሳህንና ሲኒ መሰብሰብ ጀመርኩ። «አበደች» የሚሉኝ አሉ፤ ወንድሜ አንዱ ነው። ደባርቅና ዳባት ገበያ ስወጣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ሳልቆም አላልፍም። የማገኘው ብዙ አይደለም፣ እርስ በርሱም አይመሳሰልም። በዓል ሲሆን ግን ቡፌ ውስጥ ቆልፌ አላስቀምጠውም፤ ድፎ ዳቦው በአንዱ፣ አይቡ በሌላው ይቀርባል። የማይገጣጠም ሳህን ያለበት ማዕድ ለእኔ ከአዲስ ሙሉ ደርዘን ይልቅ ያምረኛል። ይኸ እንግዲህ የእኔ ጠባይ ነው።

ሐረር የሄደች ካለች ታውቀዋለች፤ እዚያ ጊዲር ጋር በሚሉት ዋናው ክፍል ሳህኑና ጎድጓዳው ከስፌቱ ጋር ግድግዳ ላይ ይደረደራል። ገና ሲገባ የሴቲቱ እጅና ሀብት ይታያል። የእኛ ሳጥን ውስጥ ስለሚኖር ለማንም አይታይም፤ ለእኛም ጭምር።

አሁን ሥራ ያላት ጆሮዋን ትስጠኝ። ቤታችሁ ያለው ምን እንደሆነ እንዲህ ታውቁታላችሁ። ወደ ብርሃን አንሡትና ከኋላው ጣታችሁን አድርጉ፤ የጣታችሁ ጥላ በስሱ ከታየ ፖርሴሊን ነው። በጥፍር ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የደነዘዘ ድምፅ ከሰጠ ወይ ተራ ሸክላ ነው ወይ ስንጥቅ አለው። በተሸረፈበት በኩል ጥቁር ብረት ከታየ ብርጭቆ የለበሰ የብረት ሳህን ነው፤ ማግኔት ይይዘዋል። ይህኛውም አይናቅም፣ የሐረር ግድግዳ ላይም ይደረደራል። ከዚያ ጀርባውን እዩ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ እሷ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘች፤ እንደ እምዬ ሳህን «ኢንግላንድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል በእንግሊዝኛ ከተጻፈበት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ጃፓንን በያዙበት ዘመን የወጣ ነው፤ ያ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1952 አበቃ። ሥዕሉን በስልካችሁ ካሜራ አቅርቡና ጥቃቅን ነጠብጣብ ካያችሁበት የቅርብ ጊዜ ኅትመት ነው።

የጥልፍ ጥለትና የላሊበላ መስቀል ያለበት አዲሱ ሲኒያችንስ? አብዛኛው ቻይና ተሠርቶ የሚመጣ ነው። ድሮ ፈረንጅ የቻይናን ሥዕል ገለበጠ፣ ዛሬ ቻይና የእኛን ጥለት እየገለበጠ ይሸጥልናል። እሱንም የልጅ ልጆቻችን ይሰበስቡት ይሆናል።

ጥንቃቄም አለ። በአሮጌ ዕቃ ቀለምና ቅባት ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የቲማቲም ሥልስ አታሳድሩበት፤ ሕፃን ዘወትር አትመግቡበት። የወርቅ ቅብ ያለውን በአመድና በአሸዋ አትፈትጉት። በቀዝቃዛ ሲኒ ላይ የፈላ ቡና ከመቅዳት በፊት ሲኒውን ለብ ባለ ውኃ ማለቅለቅ ነው፣ እናቶቻችንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከድሮ ፍርስራሽ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የተገኘ ስባሪ ደግሞ የእኛ መሰብሰቢያ አይደለም። በመሬት ውስጥ የተገኘ ቅርስ ይገለጻል እንጂ ለራስ አይያዝም፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም፤ ሕግ ነው። አንዱ መጥቶ «ይህ ሳህን ብዙ ሺህ ያወጣል፣ ስጡኝና ሸጬ ላምጣ» ቢላችሁም አትመኑት። ከቤታችን ያለው አብዛኛው ሀብታም አያደርገንም።

ታዲያ ሀብታም ካላደረገን ምን ያደርግልናል? እዚህ ላይ ነው እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የሚያገባኝ። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ አንዲት ሴት ስታገባ ይዛው የገባችው ወይም በውርስና በስጦታ ያገኘችው ንብረት የግሏ ነው። ነገር ግን በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የምታስረዳው ባለቤት ነኝ የምትለዋ ናት። ፍቺ ሲመጣ፣ ሞት ሲመጣ፣ ስደት ሲመጣ «ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ነው» ለማለት ወረቀት ያላት ከመካከላችን ማን ናት? እኔም አልነበረኝም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ከፍቻለሁ። የማኅበሩ ገንዘብ አልነካሁም፣ ደብተሩ የእኔ ነው። በየመስመሩ የዕቃው ዓይነት፣ ከማን እንደመጣ፣ በምን ጊዜ፣ ጀርባው ላይ ያለው ምልክት፣ የተሸረፈ ከሆነ የቱ ላይ እንደሆነ ይጻፋል። በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ ባለቤቷና ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ። የዋጋ ዓምድ የለውም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ቢሮ ውስጥ የምንመዘግበው ወንበርና ኮምፒዩተር በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እየተያዘለት ዜሮ ይገባል። የእናት ሳህን በዚያ ስሌት ከተሰላ ገና ድሮ ዜሮ ገብቷል፤ ለልዋጭ የሚሰጠውም በዚያ ዓይን ስለሚታይ ነው። ደብተሩን የምንይዘው እንዳይሸጥ ለመከልከል አይደለም። የተቸገረች ትሸጣለች፣ ትለውጣለች፣ መብቷ ነው። የምትሰጠው ምን እንደሆነ አውቃ እንድትሰጥ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልበል። ለሚቀጥለው ጊዜ የጉዳትም ሆነ የድጋፍ ቅጽ ስታዘጋጁ፣ «የቤት ዕቃ» ከሚለው መስመር በታች ጥቂት ባዶ መስመር ጨምሩልን። እኛ እንሞላዋለን።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እያንዳንዳችሁ አንድ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ባጃጅ ላይ የምትመጡ በጨርቅ ጠቅልሉት እንጂ እርስ በርሱ አትደራርቡት። ከደባርቅ የምትመጡ መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ ፎቶው ይበቃል። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ጽፌዋለሁ። ሰማያዊ ሳህን፣ አኻያና ድልድይ ያለበት፣ ጀርባው «ኢንግላንድ»፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ከሁመራ የመጣ፣ ባለቤት እምዬ፤ አሁን ያለበት ቦታ አይታወቅም። ሁለተኛው መስመር አራት ሲኒ ነው፣ ባለቤቷ እናቴ ናት፣ ትናንት ማታ ፈርማለች።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ።